ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

(ይህ ጽሑፍ በነፃ ጋዜጠኝነት የሚተዳደረው ጸሐፊያችን በሐረር ከተማ ለተሰበሰቡ መምህራን፣ ነጋዴዎችና ወጣቶች ያቀረበው ንግግር ነው። አንባቢያን እንዲካፈሉት በቃል የተነገረውን ብዙም ሳንነካ አትመነዋል። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ― ዝግጅት ክፍሉ)



እኔ ምሁር አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅሁ፣ ቋሚ ደመወዝ የሌለኝ፣ ጽሑፌን ለሚቀበለኝ ጋዜጣ እየሰጠሁ የምኖር ሰው ነኝ። ስለዚህ ከእኔ ጥልቅ ጥናት አትጠብቁ። ያየሁትንና ያነበብኩትን ግን ሳልሸራርፍ እነግራችኋለሁ። የምናገረው ስለ ሙስና፣ ስለ ጋዜጠኛና ስለ መሪዎች ተጠያቂነት ነው። ሆድ የሚያስብስ ርዕስ ነው፤ ቢሆንም የምንኖረው በእሱ ውስጥ ስለሆነ ከመናገር ሌላ ምን አማራጭ አለን?

ትናንት ማታ አንድ ወዳጄ ጀጎልን ሲያስጎበኘኝ በግንቡ ሥር ያለውን ቀዳዳ አሳየኝ። «ይኼ ምንድን ነው?» ብለው «የጅብ መግቢያ ነው» አለኝ። ለካስ እናንተ ከጅብ ጋር ስምምነት አላችሁ! አምስቱ በሮች በጥንት ጊዜ ማታ ማታ ይቆለፉ ነበር፤ ለጅቡ ግን ቀዳዳ ተትቶለታል። ገብቶ የተጣለውን ይለቃቅማል፣ ከተማውን ያጸዳል፣ ሳይነጋ ይወጣል። እኔም በልቤ «የሐረር ጅብስ ጨዋ ነው» አልኩ። የሰጡትን ይበላል እንጂ ጎተራ አይሰብርም። በስሙም ሒሳብ በውጭ አገር ባንክ አይከፍትም። (ሳቅ)

አገራችንን ሳስባት ግን ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኛል። ጎተራ ሰባሪው በዋናው በር በአጀብ ይገባል። ጋዜጠኛው ግን ቀዳዳ እንኳን አልተተወለትም። ታዲያ ጋዜጠኛው የሚጮኸው መቼ ነው? ጅቡ ሲሄድ! «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አበው። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ተረት አያልፍም።

ማን ነገረን?

እስቲ የምናውቃቸውን ትልልቅ የሙስና ጉዳዮች አንድ በአንድ እንቁጠር።

በጥቅምት 1989 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ታምራት ላይኔ ከሥልጣን ወረዱ። ፓርላማ ፊት ቀርበው ጥፋታቸውን ተናገሩ። በ1992 የ18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በታኅሣሥ 2001 ከእስር ወጡ። ከአምስት ዓመት በላይ በከፍተኛ ሥልጣን ላይ ሲቀመጡ አንድም የመንግሥት ጋዜጣ ስለ እሳቸው ክፉ ቃል አልጻፈም። በወረዱ ማግስት ግን የማያውቃቸው ጠፋ።

በ1993 ገዥው ፓርቲ ለሁለት ተሰነጠቀ። በዚያው ዓመት የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የተሸነፈው ወገን ሰው፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰሱ። ልብ በሉ፤ መሰንጠቁ፣ ኮሚሽኑና ክሱ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ዳኛዋ ወ/ት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይውጡ ብላ ወሰነች። አቶ ስዬ ፍርድ ቤቱን ለቀው ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። ወዲያው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ ሕጉ ተሻሻለ። ወደ ስድስት ዓመት ታስረው በ1999 ተፈቱ። ዳኛዋም በበኩሏ በኋላ ሁለት ጊዜ ታሰረች፤ ከዚያ ደግሞ ዘመን ተለውጦ በኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። የዚህች አገር ጎማ እንዲህ ነው የሚሽከረከረው።

አቶ ስዬ አጥፍተዋል ወይስ አላጠፉም? የእኔ ጥያቄ ይኼ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ፓርቲው ባይሰነጠቅ ኖሮ ያ ክስ ይከፈት ነበር ወይ?

ቀጥሎ ሜቴክ መጣ። በ2002 የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን የስኳር ፋብሪካ፣ የማዳበሪያ ፋብሪካና የሕዳሴውን ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ያለ ጨረታ ተሸክሞ ኖረ። በኅዳር 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ወጥተው ድርጅቱ በስድስት ዓመት ውስጥ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ፈጽሟል አሉን። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው ሲያዙ በቴሌቪዥን አየን። ዘጋቢ ፊልም ተሠራ፤ ሙዚቃም ገባበት። ሕዝቡ እንባውን እየጠረገ አየ። ያንን ፊልም ያሳየው ጣቢያ ከሁለት ዓመት በፊት የድርጅቱን ገድል ሲተርክልን የነበረው ጣቢያ ነው! በስድስቱ ዓመት ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ በሩን አንኳኩቶ «ይኼ ግዥ ጨረታው የት ወጣ?» ቢል ኖሮ የት ይገባ እንደነበር የምታውቁት ነው።

በጥር 2011 ደግሞ አቶ በረከት ስምዖን በጥረት ኮርፖሬት ጉዳይ ተያዙ፤ በ2012 የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። እኚህ ሰው የማስታወቂያ ሚኒስትር፣ በኋላም የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ለዓመታት የመረጃ በር ቁልፍ በእጃቸው ነበር። በ1997ቱ ምርጫ ማግስት ጋዜጦች ሲዘጉና አዘጋጆች በአገር ክሕደት ሲከሰሱ ያ ቁልፍ የእነማን እንደነበር አንባቢ ያውቃል። በዚያ እስር ወ/ሮ ሰርካለም ፋሲል ወህኒ ቤት ውስጥ ወለደች።

ወገኖቼ፣ አራቱንም ደግማችሁ ተመልከቱ። ሁሉንም የነገረን መንግሥት ነው። የነገረን ደግሞ ሰውዬው ከወንበሩ ከወረደ በኋላ ነው። አንዱንም ጋዜጣ አላወጣውም፤ አንዱንም ፓርላማ ጠይቆ አላገኘውም። ስለዚህ ምን ያህሉ እውነት፣ ምን ያህሉ የአሸናፊ ወሬ እንደሆነ እኔም እናንተም መለየት አንችልም። ሰነዱ በሩ ክፍት በነበረበት ጊዜ በሕዝብ ፊት አልተነበበማ! ሌባው ንጹሕ ነኝ ቢል ጆሮ የሚሰጠው አያጣም፤ ንጹሑም ሌባ ቢባል የሚከላከልለት ወረቀት የለም። ትልቁ ጉዳት ይኼ ነው። በር ሲዘጋ የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ እውነቱም አብሮ ይጠፋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። አቶ ታምራት 18 ዓመት ተፈረደባቸው አልኩ። በሐምሌ 2004 ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በፀረ ሽብር ሕጉ የተፈረደበት ስንት ዓመት ነበር? 18! ዘረፈ የተባለውም 18፣ ጻፈ የተባለውም 18። እስክንድር በ2010 ከተፈታ በኋላ የሄደበት የፖለቲካ መንገድ ሌላ ወሬ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ሚዛኑ ነው። የአገራችን ሚዛን ብዕርንና ካዝናን እኩል መዘነ። (ጭብጨባ)

የመስከረም አንዱ ፊልም

«ይኼ የኢሕአዴግ ጠባይ ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል። ወደ ኋላ እንሂድ። በዚህች ከተማ አጠገብ፣ ኤጀርሳ ጎሮ ላይ ተወልደው፣ እዚሁ ሐረር ላይ ገዥ የነበሩትን ንጉሠ ነገሥት እናንሣ።

በ1965 እና 66 ወሎ ተራበ። ሕዝብ በመንገድ ዳር ረገፈ። መንግሥቱ ግን «ለአገር ገጽታ» ሲል ደበቀው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወርደው አይተው ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ጋዜጦቻችን ግን ዝም። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ረኃቡን በፊልም ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። የወሎን ረኃብ ከአዲስ አበባ ሰው በፊት የለንደን ሰው አየው ማለት ነው።

ፊልሙ ለኢትዮጵያ ሕዝብ የታየው መቼ ነው? መስከረም 1 ቀን 1967፣ በዋዜማው! በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ደርግ የረኃቡን ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያቀላቀለ አሳየው። እነሆ፣ የሜቴክ ፊልም አያት! ፊልሙ ውሸት አልነበረም፤ ረኃቡ እውነት ነው። ግን ከዓመት በፊት ቢታይ እህል ይዞ ይደርስ ነበር። በዋዜማው ሲታይ ይዞ የመጣው ታንክ ነው።

ከዚያስ? በ1966 ሹማምንቱን የሚመረምር መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ሥራው ሳያልቅ ኅዳር 14 ቀን 1967 ማታ ደርግ ወደ 60 የሚሆኑ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። ጥያቄውም፣ መልሱም፣ ተጠያቂውም በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ንጉሠ ነገሥቱም በነሐሴ 1967 በደርግ እጅ እንዳሉ ሞቱ፤ ዐፅማቸው ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተቀብሮ ኖሮ ደርግ ከወደቀ በኋላ ተገኘ።

አሁን ደግሞ በዚያው ሰሞን በሌላ አገር የሆነውን እዩ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሥልጣን የለቀቁት በነሐሴ መጀመሪያ 1966 ነው። ከኛ ንጉሥ መውረድ አምስት ሳምንት እንኳን አይሞላም። እሳቸውን ያወረዳቸው ምንድን ነው? ሁለት የጋዜጣ ልጆች አንድ ተራ የስርቆት ዜና ተከትለው ሄዱ። ጋዜጣው አልተዘጋም። ምክር ቤቱ ጠየቀ፣ ፍርድ ቤቱ የተቀዳውን ድምፅ አምጡ አለ፣ ሰውዬው ሥራ ለቀው በአውሮፕላን ተሳፍረው ቤታቸው ገቡ። አልጋቸው ላይ ሆነው ሃያ ዓመት ያህል ኖሩ፤ መጽሐፍም ጻፉ። በኛ አገር ግን ሹማምንቱ በጥይት፣ ንጉሡ በእስር አለቁ።

ይህን የምላችሁ አሜሪካ ገነት ናት ለማለት አይደለም። ባለሥልጣን ካለ በመካከላችሁ ይስማኝ፤ ጋዜጠኛ ጠላትህ አይደለም! በወንበርህ ላይ ሳለህ የሚጠይቅህ ሰው ቢኖር ከወረድክ በኋላ ከሚፈርድብህ ሰው ያድንሃል። ክፍት በር መጀመሪያ የሚጠቅመው ሹሙን ራሱን ነው።

ሐረር ያሳደገችው ደራሲ

ለእናንተ ለሐረሮች ደግሞ ጉዳዩ የቤት ጉዳይ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እዚህ በራስ መኰንን ቤት ያደጉ ናቸው። ሩሲያ ተምረው ተመለሱ፤ በ1923 የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ከዚያ በፊት ግን «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለ ተውኔት ጽፈዋል፤ በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት እሱ ነው ይባላል። የአውሬ ተረት መስሎ የሹማምንቱን ጉቦኝነትና ስንፍና የሚነካ ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ አስከለከሉት።

አያችሁ? የመጀመሪያው ተውኔታችን ስለ ሙስና ነበር፤ የመጀመሪያው የተከለከለ ተውኔታችንም እሱ ነው። ሰውዬው በአውሬ ተመስለው የጻፉት በቀጥታ መናገር ስለማይቻል ነው። እኔም ዛሬ በጅብ የጀመርኩት ለምን ይመስላችኋል? (ሳቅ)

ሕጉማ አለ!

«ሕግ የለም» የሚል ካለ እሱም ተሳስቷል። ሕግ ሞልቶናል። በጥቅምት 1985 የወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ሹምም ተመራጭም ይጠየቅ ይላል፤ በአንቀጽ 29 ፕሬስ መረጃ የማግኘት ዕድል እንዲኖረው ያዛል። በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው፣ ጋዜጠኛ ይሁን ሊስትሮ፣ ለምን እንደፈለገ ሳይጠየቅ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጠ። በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 668 ደግሞ ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ አዘዘ።

አሁን ከመካከላችሁ የአንድ ሹም የሀብት መዝገብ በዓይኑ ያየ ሰው እጁን ያውጣ። (ማንም አላወጣም።) እሺ፣ ጨረታ ያሸነፈን ድርጅት ውል ጠይቆ የተሰጠው? (ማንም አላወጣም።) እኔም እጄን አላወጣሁም።

ኦዲትም አለ። ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ ለፓርላማ ሪፖርት ያቀርባል። በአቶ ገመቹ ዱቢሶ ጊዜ የቀረቡትን አስታውሱ፤ ያልተወራረደው ገንዘብ፣ ያለ ደረሰኝ የወጣው ገንዘብ በቢሊዮን እየተቆጠረ ይነበብ ነበር። እንደራሴዎቹ ይገረማሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ምሳ ይወጣሉ። በዓመቱ ያው መሥሪያ ቤት በዚያው ጥፋት ተመልሶ ይቀርባል።

በ2015 ደግሞ በፓርላማ ስለ አዲሱ ቤተ መንግሥት ግንባታ ገንዘብ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትሩ መልስ ገንዘቡ ከእናንተ ካጸደቃችሁት በጀት የወጣ አይደለም የሚል ነበር። እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም፤ ግን አያቴ እንኳን የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ። በጀት ያልነካው ገንዘብ ከሆነ፣ በኢትዮጵያ መሬት ላይ ለኢትዮጵያ መንግሥት ሲወጣ የሚቆጣጠረው ማን ነው? በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ የመንግሥት ሹማምንት ናቸው። ራሱን በራሱ የሚመረምር ሐኪም ጤነኛ ነኝ ማለቱ ይጠፋል?

የምክር ቤቱ የመንግሥት ወጪ ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ክርስቲያን ታደለ ደግሞ በ2015 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታሰሩ፤ ያለመከሰስ መብታቸው የተነሣው ከወራት በኋላ ነው። የታሰሩት በኦዲት ምክንያት ነው አላልኩም፤ መንግሥት የሚለው ከአማራ ክልሉ ግጭት ጋር የተያያዘ ነገር ነው። የምለው አንድ ነው፤ የመንግሥትን ወጪ የሚቆጣጠረው ወንበር ላይ የተቀመጠ እንደራሴ እንዲህ ከሆነ፣ መታወቂያ በአንገቱ ያንጠለጠለ ጋዜጠኛ ምን ይበል? በሚያዝያ 2017 ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ ተሻሽሎ የቦርዱ ሥልጣን ወደ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ዞረ። ቁልፉ እንደገና ወደ አንድ ኪስ ገባ ማለት ነው።

የእኔ ኃጢአት

እስካሁን ሌላውን ስወቅስ ቆየሁ። አሁን ራሴን ልክሰስ።

ከዓመታት በፊት፣ በስም በማልጠቅሳት በአንዲት ከተማ፣ አንድ የሕዝብ አዳራሽ ታድሷል ተባለ። ቀለም ተቀብቶ ወንበር ተለውጧል፤ የወጣው ገንዘብ ግን አዲስ ያስገነባል የሚል ወሬ በርጫ ላይ ሰማሁ። ሄድኩ። ጥበቃው «ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። ደብዳቤ አመጣሁ። ጸሐፊዋ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። በማግስቱም ስብሰባ። በሳምንቱም ስብሰባ። በሦስተኛው ሳምንት የሕዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ ሻይ ጋብዞኝ «ወንድሜ፣ ለምን የልማት ዜና አትሠራም?» አለኝ። አዋጁን አውጥቼ ባሳየው ፈገግ ብሎ «እሱማ የአዲስ አበባ ነው» አለኝ።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። አዘጋጁ ግን ገጽ መሙላት ነበረበት፤ እኔም የቤት ኪራይ ነበረብኝ። «ከታማኝ ምንጮች እንደተረዳነው» ብዬ ጻፍኩ። ታማኝ ምንጬ ማን ነበር? አንድ የበርጫ ጓደኛዬ! ገንዘቡን ከኃላፊው ጋር የተካፈለው የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ ነው አልኩ። ስም ባልጠራም በዚያ መሥሪያ ቤት ያለው ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ነው። ጋዜጣው ተሸጠ። እኔም ጀግና ሆንኩ።

ከወራት በኋላ አንዲት ሴት ጋዜጣው ቢሮ ድረስ መጥታ ፈለገችኝ። የሰውዬው ባለቤት ናት። አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። የታጠፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ባሏ ለዚያ ክፍያ «ደረሰኝ ስላልተያያዘ አልፈርምም» ብሎ ለኃላፊው የጻፈው ማስታወሻ ነው። እንቢ ያለው እሱ ኖሯል! ጋዜጣው ሲወጣ ኃላፊው የኛን ጽሑፍ ይዞ «ሕዝቡ እንኳን አወቀህ» ብሎ ከሥራ አገደው። ኃላፊው ደግሞ በሽልማት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ።

ማረሚያ አወጣን። የት? በ11ኛው ገጽ፣ ከእግር ኳሱ ሥር፣ በአራት መስመር። ያቺ ሴት ስትሄድ ያለችኝን አልረሳውም። «ልጄ ትምህርት ቤት የሌባ ልጅ ይሏታል፤ ይኼን ወረቀት ይዤ ለሁሉም ላሳይ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም።

የበሩ መዘጋት ለእኔ ሰበብ አይሆነኝም። ባላወቅሁት ነገር ዝም ማለት እችል ነበር። ግን አስቡት፤ ያ ወረቀት በዚያ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ቀን ቢያሳዩኝ ኖሮ ጻድቁን ሌባ፣ ሌባውን ተሿሚ አላደርግም ነበር። መንግሥት «የግል ጋዜጦች በሬ ወለደ ይጽፋሉ» ይላል። አዎ፣ ጽፈናል! በሬውን በረት ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን የያዘው ግን ማን ነው? የተዘጋ በር ሁለት ልጆች ይወልዳል፤ ሌባ ሹምና ወሬኛ ጋዜጠኛ። ሁለቱም የሚበሉት ያንኑ ሕዝብ ነው።

አፎቻችሁን ተመልከቱ

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱን ከውጭ አገር አላመጣም። ከእናንተው ቤት አለ።

እናንተ አፎቻ አላችሁ፤ ሌላው ከተማ እድር አለው። እስቲ የእድር ገንዘብ ያዥ በስብሰባ ተነሥቶ «ሒሳቡን ለመንገር ደብዳቤ ከበላይ አምጡ» ቢል ምን ይደርስበታል? (ሳቅ) ገቢው ይነበባል፣ ወጪው ይነበባል፣ ድንኳኑ ስንት እንደተገዛ፣ ስንት ብርጭቆ እንደተሰበረ ይነገራል። አንዲት እናት ከጥግ ተነሥታ «ባለፈው ወር 40 ሰሃን ነበር፣ ዛሬ 38 አልክ፤ ሁለቱ የት ገባ?» ትላለች። ማንም «ፀረ ልማት ነሽ» አይላትም። ገንዘብ ያዡም አይቆጣም፤ መዝገቡን ገልጦ ያሳያታል። ስሙ የሚጠበቀው በዚያ ነውና።

ለሰሃን እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች ለቢሊዮን ዝም የምንል ለምንድን ነው? ሰሃኑ የኛ ነው፤ ቢሊዮኑ «የመንግሥት» ነው ብለን ስላመንን ነው። ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል።

የውኃችሁን ነገር ውሰዱ። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከተማችሁ ስትጠማ ከድሬዳዋ በኩል፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች፣ ውኃ ከቆላ ወደ ደጋ ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣላችሁ ተደረገ። ከአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ተወስዷል። ብድሩን የሚከፍለው ደግሞ ጀሪካን ደርድሮ ፈረቃ የሚጠብቀው ሰው ነው። እኔ በዚህ ሥራ ማንንም ሌባ አላልኩም፤ ያለ ወረቀት ሌባ ማለት ምን እንደሚያደርግ ነግሬያችኋለሁ። ግን የጠየቀ አለ? ቧንቧው ስንት ፈጀ? ፓምፑ ከማን ተገዛ? ስንት ዓመት ይሠራል ተባለ፣ ስንት ዓመት ሠራ? ዛሬ ጀጎል ሲታደስ፣ የኮሪደር ልማቱ ሲሠራ፣ ድንጋዩ ሲነጠፍ «አማረ» እንላለን፤ ማማሩንስ አምሯል። ሒሳቡስ?

ስለዚህ የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። አፋችሁን በርጫ ላይ አትጨርሱት። አዋጁ ለጋዜጠኛ ብቻ የወጣ አይደለም፤ ለመምህሩም ለባለ ሱቁም ነው። ማመልከቻችሁን በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። መልስ ከተነፈጋችሁ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በሉ። መቶ ሰው ቢጠይቅ መቶውንም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ እኛን ጋዜጠኞችን ጠይቁን። «ታማኝ ምንጭ» ስንላችሁ «ወረቀቱ የታለ?» በሉን። የተሳሳትነውን በ11ኛው ገጽ ስንደብቀው አትግዙን። እኛ ካልተጠየቅን ሹሙን የምንጠይቅበት አፍ ከየት ይመጣል?

ሦስተኛ፣ የወደቀን ሰው በመርገም አትጥገቡ። ትልቅ ሹም በካቴና ሲታይ ሁላችንም እናጨበጭባለን። ጭብጨባው ከማለቁ በፊት አንድ ጥያቄ አንሡ፤ «ይኼን ያህል ዓመት ሲያደርግ ሰነዱ የት ነበር? የፈረመለትስ ማነው? ዛሬ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሰነድ ደግሞ የት ነው ያለው?» በሉ።

ወገኖቼ፣ ጨርሻለሁ። ትናንት ማታ ከጀጎል ስመለስ ጅቦቹ ሲያላዝኑ ሰማሁ። ውሾቹ ግን ዝም ብለዋል፤ ለምደውታል። አገርም እንዲህ ይለምዳል፤ የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ጅቡ መኖሩ ሳይሆን የውሻው ልማድ ያስፈራኛል። እኔ ከእንግዲህ የሄደ ጅብ ላይ እየጮኽኩ የምከፈለውን ገንዘብ አልፈልግም። ያቺን ሴትዮ እንደገና ባገኛት፣ ያን ወረቀት በፊተኛው ገጽ አትሜ እንዳሳያት እግዜር ይርዳኝ።

ውሻው ጅቡ ሳይሄድ ይጩህ!

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!